አባዬ የማያውቃት ጅቡቲ

ኮምቦልቻ ተወልዶ የጅቡቲን ስም ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። እኛ ቤት ደግሞ ስሟ በቀን ስንት ጊዜ ይነሳ ነበር። አባዬ የት ነው? ጅቡቲ። መቼ ይመጣል? ጭነት ሲያገኝ። የቤት ኪራዩ መቼ ይከፈላል? አባዬ ሲመለስ። ኢድን ያለ አባት የዋልነው ለምንድን ነው? ጅቡቲ ወረፋ በዝቶ። ከተማዋን ከእሱ በቀር ያያት አልነበረም። ኑሯችን ግን በእሷ ሰዓት ነበር የሚሄደው።

አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሥራውን የጀመረው በረዳትነት ነው፤ ያኔ መስመሩ አሰብ ነበር። በእሱ የወጣትነት ዘመን ለኮምቦልቻ ሰው ባሕር ማለት አሰብ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ከአሰብ ወደ ደሴ የዘረጋው መንገድ በባቲ አድርጎ እኛው ከተማ ላይ ይወጣልና። ከዚያ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳ። አሰብ ተዘጋ። ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ አባዬም አብሮ ዞረ። ዛሬ ሀገራችን ከምታስገባውና ከምትልከው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ከዚያ ውስጥ ማዳበሪያውንም፣ ስንዴውንም፣ ብረቱንም፣ ኮንቴይነሩንም የድርሻውን ጎትቶ አምጥቷል። ወገቡ እምቢ ሲለው መሪውን ለልጅ እግሮቹ ለቀቀ።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ትንሽ ገንዘብ ቋጠረና "እስቲ አንድ ውጭ ሀገር ላዙራችሁ" አለ። እሱ ያሰበው ዱባይን ነው። እኔ ኢስታንቡል አልኩ፤ በተከታታይ ድራማ መንደር ለመንደር የዞርኳት ከተማ ናት። ልጄ የአጎቱን ደግፎ ዱባይ ዱባይ ይላል። እማዬ ሁላችንንም ሰምታ ስትጨርስ፣ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች፣ "እኔ ማየት የምፈልገው ጅቡቲን ነው" አለች።

አባዬ ከት ብሎ ሳቀ። "ጅቡቲ ምን አላት ብለሽ ነው? ሙቀት። አቧራ። ወረፋ።"

"እሱን ነዋ ማየት የፈለግኩት።"

ወንድሜ ሊያግባባት ሞከረ። የዱባይን ፎቅ በስልኩ አሳያት። ረጅም ነው ብላ አደነቀችና ስልኩን መለሰችለት። እኔ እማዬን ስለማውቃት ቶሎ ተስፋ ቆረጥኩ። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ጣጣ እዘለዋለሁ፤ ያለፈበት ያውቀዋል።

የሄድነው በጥር ነው። ይህን ለሚያስብ ሰው አንድ ምክር ልስጥ፤ በክረምት እንዳትሞክሩት። እኛ ዘንድ ዝናብ ሲወርድ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በጥር ግን ወደ 30 ገደማ ነው፤ ለባቲ ሰው ምንም አይደለም፣ ለደሴ ሰው ደግሞ ይቻላል። በአውሮፕላን መሄድ እንችል ነበር። አባዬ "በአየር ሄጄ ጅቡቲ ገባሁ ብል ማን ያምነኛል?" አለና በመንገድ ሆነ። እስከ ድንበር በአንድ ሚኒባስ፣ ከድንበር ወዲያ በሌላ።

ከኮምቦልቻ ባቲ ቅርብ ነው። ባቲ የእማዬ ሀገር ናት። ከባቲ ወዲያ መሬቱ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል፣ ሚሌ ላይ ሲደርስ በረሃው ራሱን ያስተዋውቃል። መንገዱን ሙሉ አባዬ አስጎብኚ ሆነ። የእሱ ካርታ ግን የማንም አይደለም። "እዚህ ጋ ጎማ ፈነዳብን።" "እዚህ ጋ ኩሽኔታ በልቶብን ሦስት ሌሊት አደርን።" "ይቺ ኩርባ ላይ አንድ የሰፈራችን ልጅ ተገለበጠ፤ አላህ ይዘንለት።" ሚሌ ጉምሩክን ስናልፍ ዝም አለ፤ ከዚያ ድሮ ለእማዬ የገዛውን ብርድ ልብስ እንዴት አስፈትተው እንደፈተሹት ተረከ። እማዬ ያንን ብርድ ልብስ እስከ ዛሬ አላዋሰችውም። ሎግያ፣ ሰመራ፣ ከዚያ ጥቁር ድንጋይ፣ እንደገና ጥቁር ድንጋይ። ልጄ "ባሕሩ መቼ ነው?" እያለ ተኛ።

ጋላፊ ድንበር ላይ የቆሙት መኪኖች ብዛት! ተሳቢያቸውን እንደጎተቱ፣ ሸራቸውን እንዳሰሩ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። ሹፌሮቹ ሽርጣቸውን አገልድመው መኪናቸው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አባዬ ሚኒባሱ ሳይቆም መስኮቱን ከፍቶ ይጣራል። ግማሹን ያውቃቸዋል። "ጋሼ! ደግሞ ምን ልትሠራ?" ይሉታል። "ልዝናና!" ሲላቸው የሳቁት ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንዱማ "አብሽር፣ ስታገኘው ለእኛም ንገረን" አለው።

ከድንበር እስከ ከተማዋ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ዲኪልን አልፎ ግራንድ ባራ የሚባል ሜዳ አለ። ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ ዛፍ የሚባል የሌለበት። የወሎ ሰው ተራራ ሳያይ ምን ያህል መሄድ እንደሚችል እዚያ ይፈተናል። እማዬ "እዚህ ሰው ቢጠፋ ምን ብሎ አቅጣጫ ይናገራል?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሲመሽ ፒኬ 12 ደረስን። ይህ ስም ሹፌር ላለበት ቤት ሁሉ የታወቀ ነው። ከመሀል ከተማው በ12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለ፣ የእኛ ሀገር መኪኖች የሚሰባሰቡበት ሰፈር ነው። ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱ፣ ምንዛሪው፣ አማርኛው። አባዬ በየበሩ ሰላም ሲል ሃያ ዓመት የቀነሰ መሰለኝ። እኛ ግን ሆቴል የያዝነው መሀል ከተማ ነውና ቀጠልን። ከፒኬ 12 እንደወጣን አንድ ነገር አስተዋልኩ። አባዬ ዝም አለ። ወንድሜ "አሁን በየት በኩል ነው?" ሲለው፣ "ወደ ወደቡ ከሆነ በዚህ። ከተማውን አላውቅም" አለ።

መጀመሪያ የቀለደ መስሎን ነበር።

አልቀለደም። በዚያ ሁሉ ዓመት የሚያውቃት ጅቡቲ ሁለት ቦታ ናት፤ ፒኬ 12 እና የወደቡ በር። በሁለቱ መካከል ያለውን አስፋልት በጎማው ብዛት ያውቀዋል። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለችውን ከተማ ግን አንድ ቀን ወርዶ አላያትም። መኪና ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ተራ ከተጠራ ማለፍ አለ፤ የተጫነ ዕቃ ጠባቂ ይፈልጋል። ሲመለስ "ጅቡቲ እንዴት ናት?" ብለን ስንጠይቀው ሁልጊዜ "ያው ናት" የሚለን ለዚህ ነበር። እኛ ሰልችቶት ይመስለን ነበር።

በነጋታው ከእኛ እኩል ቱሪስት ሆኖ ወጣ። ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ። የሄድነው ወደ ምኒልክ አደባባይ ነው። አዎ፣ ምኒልክ። በወረቀት ስሙ የ27 ጁን 1977 አደባባይ ነው፤ ጅቡቲ ከፈረንሳይ ነጻ የወጣችበት ቀን። ሰው ግን ምኒልክ ነው የሚለው። ነጭ የተቀቡ፣ ፎቅ ያላቸው፣ ከሥራቸው ቅስት ቅስት በረንዳ የዞራቸው ቤቶች ናቸው። ፀሐይ ሳይነካህ ከሱቅ ሱቅ ትሄዳለህ። ጥላን እንደ ሕንፃ ዕቃ ቆጥረው የሠሩት ከተማ ነው፤ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ቤት ሠሪዎች መጥተው ቢያዩት ብዬ ተመኘሁ።

ልጄ "ምኒልክ እዚህም ነበሩ?" አለ። ወንድሜ የባቡሩን ታሪክ ጀመረለት። ምኒልክ ፈቃዱን በ1894 እ.ኤ.አ. ሰጡ፤ ሥራው ከጅቡቲ ወገን በ1897 ተጀመረ፤ ድሬዳዋ በ1902 ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ንጉሡ ሳያዩት ሞቱ። አሁን ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር አለ፤ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋድ የሚባል ቦታ ላይ ነው። ልጄ ለማየት ጓጓ። አባዬ ፊቱን አጠቆረ። "ባቡር የሹፌር ጠላት ነው" አለ። የኛን የአዋሽ፣ ኮምቦልቻና ሃራ ገበያ ሐዲድ ነገር አነሳንለትና ለወሬው ያህል ትንሽ ተሟገትን። ለሐዲዱ መጓተት የተደሰተ አንድ ሰው ቢኖር አባዬ ነው።

ቀትር ላይ ሌላ ነገር ገጠመን። ሱቆቹ መዘጋት ጀመሩ። ወደ ሰባት ሰዓት ሲጠጋ መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ አንድ አቅጣጫ የሚያይ ሆነ። ጫቱ ደርሶ ነው። በየቀኑ ከእኛ ሀገር ይመጣል፤ በየጉልቱ ሴቶች እርጥብ ጆንያ አልብሰው ይሸጡታል። ከዚያ ከተማዋ እስከ አሥር ሰዓት ትተኛለች። የአውሮፓ ጎብኚ በዚህ ሲደነቅ አንብቤያለሁ። የወሎን ሰው ግን ጫት አያስደንቀውም። እማዬ የገረማት ሰዓት አክባሪነቱ ነው። "እንዲህ በሰዓቱ የሚደርስ ነገር በኛ በኩል ካለ ንገሩኝ" አለች።

ገበያው ውስጥ ደግሞ ቲማቲሙ የኛ፣ ሽንኩርቱ የኛ፣ ድንቹ የኛ። ወንድሜ ወሬ ይወዳልና መብራቱም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር እንደሚመጣ፣ ውኃውም ከኢትዮጵያ በኩል በቧንቧ እንደሚደርስ አከለበት። አባዬ ይህን ሲሰማ ቆም አለ። እሱ የሚያውቀው ከጅቡቲ ወደ እኛ የሚሄደውን ብቻ ነው። "እኔ ሁልጊዜ ባዶዬን የምወርድ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሌላው በጎን ሲያወርድ ኖሯል" አለ።

ስለ ገንዘቡም ትንሽ ልበል፤ ለኪስ የምታዝን ከተማ አይደለችም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ሆኖ አይነቃነቅም። የእኛ ብር የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ወንድሜ ውኃ በገዛን ቁጥር ወደ ብር እየቀየረ ይነግረን ነበር። እማዬ በመጨረሻ "ሁለተኛ ብትቆጥር ውኃ አልጠጣም" ብላ ዝም አሰኘችው። ከዚያ በኋላ በሰላም ጠጣን።

ማታ የየመን ዓሣ በላን። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተለቅልቆ፣ እንደ ጉድጓድ ባለ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጠበሳል። ከእሱ ጋር እዚያው ምድጃ የተጋገረ ሰፊ ቂጣ ይመጣል። ለእኛ ዓሣ ማለት የሐይቅ ቆሮሶ ነው፤ መጠኑ መዳፍ የማይሞላ። ይህ ግን ትሪውን አልፎ ሄዷል። አባዬ ራሱን እየነቀነቀ በላ። ፒኬ 12 ላይ እድሜውን ሙሉ እንጀራና ፓስታ ሲበላ ነው የኖረው። ዓሣው የሚጠበስበት ምድጃ ከወደቡ በር ሩቅ አይደለም። "ሽታውን አውቀዋለሁ" አለ። "የምን እንደሆነ ነው የማላውቀው የነበረው።"

የሐሙዲ መስጊድን ያየነው በጁምዓ ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ነጭ፣ አንድ ሚናራ ያለው መስጊድ ነው። አባዬና ወንድሜ ሰግደው እስኪወጡ እኛ ሴቶቹ ከገበያው ጠርዝ ሽርጥና ሽቶ ስናይ ቆየን። አባዬ ሲወጣ ከአንድ የመናዊ ሽማግሌ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው። እንዴት እንደተግባቡ አላውቅም፤ አባዬ ያለችው አረብኛ የጭነት አረብኛ ናት። "አንሳ"፣ "አውርድ"፣ "ነገ"። በእነዚህ ሦስት ቃላት ለሻይ ተጋበዘ።

ባሕሩስ? ስለ ባሕሩ ቅሬታ አለኝ። እማዬ ባሕር ስታይ የመጀመሪያዋ ነውና ትልቅ ነገር ጠብቀን ነበር። ከተማው ውስጥ ሲየስታ የሚባለው ዳርቻ ስንደርስ ባሕሩ የለም። ማዕበሉ ሸሽቶ እስከ ሩቅ ድረስ ጭቃ ነው የሚታየው፤ ወፎች ይለቅማሉ። ልጄ "ማን ወሰደው?" አለ። አባዬ ከት ብሎ ሳቀ፤ ይህቺን ያውቃል። መርከብ ሲጠባበቅ የባሕሩን መውጣትና መግባት ሲቆጥር ኖሯል። "ሲመሽ ይመለሳል፤ እሱ ቃሉን ያከብራል" አለን። ተመለሰም። እማዬ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። አንዴ ቀምሳ ተፋችው። "ይኸው ነው?" አለች። ይኸው ነው አልናት።

እማዬን ያስደነቃት ባሕሩ ሳይሆን አሳል ነው። አሳል ሐይቅ ከከተማው ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መኪና ተከራይተን ሄድን። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ምድር ከዚያ በታች ዝቅ ያለ መሬት የለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ስታስቡት፣ እንዲሁ በመኪና ወርዳችሁ ወርዳችሁ ከምድር በታች እንደገባችሁ ነው። ከመድረሱ በፊት ጉቤት የሚባለው የባሕር ወሽመጥ አለ፤ ቀጥሎ የቀለጠ ጥቁር ድንጋይ። አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ በኅዳር 1978 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ የተፋው ነው። የባሕሩ ውኃ በዚህ ድንጋይ ስንጥቅ ሥር ለሥር እየሰረገ አሳል ይገባል፤ መውጫ የለውም፤ ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፣ ጨዉ ይቀራል። ከባሕር አሥር እጥፍ ይጨማል። ዳር ዳሩ ነጭ ነው፤ ዓይን ይወጋል። ጫማ ሳታደርጉ እንዳትገቡ፤ ጨዉ እንደ ጠርሙስ ይቆርጣል። ልጄ በጀርባው ተኝቶ ተንሳፈፈ። ዋና አያውቅም፤ እዚያ ግን መስጠም ራሱ ሥራ ነው።

ዳርቻው ላይ አፋሮች ጨው ይሸጣሉ። እንክብል እንክብል የሆነ፣ ዕንቁ የመሰለ፣ ደግሞም በጨው የተለበሰ የፍየል ራስ ቅል። ሻጮቹ በፈረንሳይኛ ዋጋ ሲጠሩ ወንድሜ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ አይገናኙም። ይሄኔ እማዬ ፈቅ አድርጋን ገባች። በአፋርኛ።

ባቲ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። የሰኞ ገበያ ላይ እናቷ ቅቤና እህል ሲሸጡ እሷ ከአፋር ልጆች ጋር ስትሯሯጥ ነው ያደገችው። አፋርኛ እንደምትችል እናውቃለን፤ ስትናገር የሰማናት ግን አልፎ አልፎ ነው። እዚያ ጨው ላይ ቆማ አንዷን ሴትዮ በሰላምታ ያዘቻት። የአፋር ሰላምታ ወሬ መለዋወጥ ነው፤ የዝናቡ፣ የከብቱ፣ የመንገዱ፣ የሰዉ ጤና ሁሉ ይጠየቃል። ስንት ደቂቃ እንደወሰደ አላውቅም፤ ጥላ የለም፣ እኛ እየቀለጥን ነው። ጨርሳ ስትዞር ጨዉ ዋጋው ከግማሽ በታች ሆኗል፣ ሴትዮዋ ደግሞ እጇን አትለቃትም። የአሳል ጨው ድሮ በግመል ተጭኖ ወደ እኛ ደጋ ይወጣ ነበር። የሴትዮዋ አያት ግመል ነጂ ነበሩ። ባቲን በስም ታውቃታለች።

አባዬ ቆሞ ያያታል። ጅቡቲ የእሱ ሀገር ነበረች፤ ጅቡቲን የሚያውቃት እሱ ነበር። አሁን እሷ ታስተረጉምለታለች። "ምን አለችሽ?" ይላል፤ "ምን አለችሽ?" እማዬ ሁሉንም አልነገረችውም።

የመጨረሻው ቀን ላይ ወንድሜ ሙሻ ደሴት በጀልባ እንሂድ አለ። አሸዋ አለ፣ ዋና አለ። እማዬ "እኔ ፒኬ 12 ነው የምሄደው" አለች። "የሚያድርበትን ማየት እፈልጋለሁ።" አባዬ ሊያስቀራት ሞከረ። ምን ይታያል አለ፣ ቆሻሻ ነው አለ፣ ወንድ የሞላበት ነው አለ። ወንድ የሞላበት ሲላት ይበልጥ ቆረጠች። እዚህ ላይ የሰፈር ወሬ ማወቅ አለባችሁ። የሹፌር ሚስት የሆነች ሁሉ አንዴ እንኳ ያልሰማችው የለም፤ "ጅቡቲ ሌላ ቤት አለው" የሚል። እማዬ ይህን ነገር በአፏ አውጥታው አታውቅም። በልቧ ምን እንዳለ ግን እኔ ልጇ ነኝና እገምታለሁ።

ቆሻሻና ሰፊ ሜዳ ነው። መኪኖቹ ተደርድረዋል። ዘይት የጠጣ አሸዋ፣ የተበላ ጎማ፣ የከሰል ምድጃ። አባዬ አንድ መኪና ጋ ወሰዳትና ተሳቢው ሥር አጎነበሰ። በሁለት ጎማ መካከል ገመድ ተወጥሮ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የሰው ቁመት የማታክል አልጋ። "ሙቀቱ ሲብስ ጋቢና ውስጥ አይተኛም፤ ብረቱ እንደ ምጣድ ነው። እዚህ ሥር ንፋስ አለ" አላት።

እማዬ ገመዱን በእጇ ነካችው።

"እዚህ ነው የነበርከው?"

"እዚህ ነው።"

"በክረምቱም?"

"በክረምቱም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? ትመጪ ነበር?"

መልስ አልሰጠችውም። የመኪናው ባለቤት ልጅ እግር ሹፌር ነው፤ ከሐርቡ። ማን እንደሆኑ ሲያውቅ ጀሪካን ገልብጦ አስቀመጣቸውና ሻይ አፈላ። እማዬ ስለ ሚስቱ ጠየቀችው። አግብቷል፣ ሴት ልጅ አለችው፣ ኮንቴይነር ሲጠብቅ አሥረኛ ቀኑ ነው። ስልኩን ተቀብላ ሚስቱ ጋ ደወለች። ከማታውቃት ሴት ጋር ረጅም ጊዜ አወራች። ምን እንደተባባሉ ግማሹን ሰምቻለሁ፤ "ደህና ነው፣ አይቼዋለሁ፣ ከስቷል፣ ሌላ ነገር የለም" ትላታለች። ሹፌሩ መሬት መሬት እያየ ይስቃል።

ጉብኝት ሲባል ሙዚየምና ደሴት የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። ከዚህ ጉዞ በኋላ ከደሴቱ መቅረታችንን ያወቀው ወንድሜ ብቻ ነው፤ እሱም የጀልባውን ዋጋ ወደ ብር ቀይሮ ተጽናና። እኔ ግን ከምኒልክ አደባባይ ቅስቶች ይልቅ ያ የገመድ አልጋ ነው ፎቶው ስልኬ ውስጥ ያለው። የሹፌር ልጆች የሆናችሁ፣ አቅሙ ካላችሁና አባታችሁ ገና መንገድ የሚችል ከሆነ ይዛችሁት ሂዱ። ከተማውን ለማሳየት አይደለም፤ እሱ የኖረበትን እንዲያሳያችሁ ነው። አስጎብኚ ድርጅት እዚያ ሜዳ ላይ አይወስዳችሁም።

በመልሱ መንገድ አባዬ ሁለተኛ ዙር ተረኩን ጀመረ። ያው ኩርባ፣ ያው ጎማ። በዚህኛው ዙር ግን እማዬ ታቋርጠዋለች። "የትኛው ዓመት ነው ይሄ? እኛ ያኔ የት ነበርን?" እሱ ያስባል፤ እሷ ትቆጥራለች። ልጅቷ ኩፍኝ የያዛት ጊዜ፣ ቤቱ ጣራ ያፈሰሰ ጊዜ፣ እናቷ የሞቱ ጊዜ። ልጅቷ እኔ ነኝ። እያንዳንዱ የፈነዳ ጎማ ቤታችን ውስጥ የሆነ ቀን ጋር ተገጣጠመ። ሎግያ እስክንደርስ አንዳንዱ ላይ ተጣሉ፣ አንዳንዱ ላይ ተሳሳቁ።

ኮምቦልቻ ከገባን ወዲህ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ስለ ጅቡቲ የምትናገረው እማዬ ናት። አባዬ ጥግ ይዞ ያርማታል፤ እሷም አትሰማውም። ወንድሜ ለከርሞ ዱባይን እንደገና አንስቷል። እማዬ ግን አሳል ላይ ያገኘቻት ሴትዮ ስለ ታጁራ ነግራታለች። ከጅቡቲ ከተማ ማዶ፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ ያለች የአፋር ሱልጣኖች ከተማ ናት፤ ሰባት መስጊድ አላት ይባላል። በጀልባ ይኬዳል። አባዬ ጀልባ አልወጣም ብሏል። ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ የሚሄድ አስፋልት እንዳለ አጣርቶ፣ ርቀቱን አስልቶ፣ የት ቁርስ እንደሚበላ ሳይቀር ወስኖ መጥቷል። ያልተስማማነው መሪውን ማን እንደሚይዝ ብቻ ነው። ወገቡን አመመኝ ያለው ሰውዬ ሰሞኑን ደህና ነኝ እያለ ነው።